ልጆቻችን ከፈረቃ በኋላ የሚማሩት ሥዕል፦ ቤት ይዘውት የሚመጡት ምን ይሁን? (ጅማ)

ቀይ አፈር — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም የጅማ ልጆች፣ እዚህም ውጭም ያላችሁ። ሠዓሊ ነኝ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በተከራየሁት አንድ ክፍል ውስጥ የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎችን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ሥዕል አስተምራለሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። አሥራ አራት ልጆች ነበሩኝ፤ በዚህ ወር አራቱ ቀሩ። ወላጆቻቸው ጋ አንድ በአንድ ደወልኩ። መልሱ ተመሳሳይ ነው፦ «ሁለት ወር ተምሮ ቤት ሳል ስንለው ጭረት ነው የሚያሳየን፤ እዚያ ማዶ የሚማሩት ግን አንበሳና ጽጌረዳ አሳምረው ይዘው ይመጣሉ።»

እዚያ ማዶ የሚባለውን ቦታ ሄጄ አይቻለሁ። የተዘጋጀ ሥዕል በፎቶኮፒ ተባዝቶ ይታደላል፤ ትንንሾቹ ከመስመር ሳይወጡ ያቀልማሉ፤ ከፍ ያሉት ወረቀቱን በካሬ ከፋፍለው ይገለብጣሉ። የሚወጣው ሥራ ንጹሕ ነው። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያምራል።

የእኔን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ቀን «ቤት ሳሉ» አልኳቸው። አሥራ አራቱም አንድ ቤት ሳሉ። ጣሪያው ሦስት ማዕዘን፣ መሃል ላይ በር፣ ግራና ቀኝ መስኮት፣ ከጀርባ ሁለት ተራራ፣ በተራሮቹ መካከል ግማሽ ፀሐይ። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ጭስ ማውጫ ጨምራበታለች። የእሷ ቤት አዌቱ ወንዝ ዳር ነው፤ ጣሪያው ነፋስ እንዳያነሣው ድንጋይ ተጭኖበታል፣ ደጁ ላይ ቡና እንዲደርቅ ይሰጣል። ከዚህ ሁሉ አንዱም ወረቀቱ ላይ የለም። የሳለችው መጽሐፍ ላይ ያየችውን ቤት ነው።

በሳምንቱ ወደ አዌቱ ድልድይ ወሰድኳቸው። እርሳስ አልያዝንም፤ ቁጭ ብለን አየን ብቻ። ስንመለስ ያቺ ልጅ ወንዙን ከወረቀቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ቡናማ አድርጋ ዘረጋችው። ዳርና ዳር የተሰጣ ልብስ አለ፤ የሚያጥቡት ሴቶች ከላይ እንደሚያዩዋቸው ሆነው እግራቸው ወደ ውኃው ተዘርግቷል። በሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ልትወስዳት የመጣችው እናቷ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ አይታ በኦሮምኛ «ኩን ማል?» አለቻት። ይሄ ምንድነው? ከዚያ ለአራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከቀሩት አራት ልጆች አንዷ እሷ ናት።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የሚገለበጥ ሥዕል ልስጣቸው ወይስ በያዝኩት ልጽና? የክፍሉ ኪራይ ደርሶብኛል፤ ለረጅም ጊዜ የማስብበት ሁኔታ ላይ አይደለሁም።


የሦስት ልጆች እናት — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ወንድሜ፣ እንዳትቀየመኝ። ያንተ ዘንድ ባይሆንም እኔም ልጄን ካስቀሩት ነኝ። በወር 400 ብር እከፍል ነበር። ለማጠናከሪያ ትምህርት ሌላ አለ፤ ትልቁ ልጄ ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። ትንሿ ዩኒፎርሟን ቀለም አስነክታ ትመጣለች፤ ያውም ዝናቡ ገብቶ የታጠበ ልብስ ሁለት ሦስት ቀን በማይደርቅበት ጊዜ። ገንዘቤ የት እንደገባ የሚያሳየኝ ያ ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱን ሳየው ደግሞ አይገባኝም። በልጅነቴ ሥዕል ያስተማረኝ የለም፤ ምኑን አይቼ ጎበዝ እንደምላት አላውቅም። እናንተ ልጆቹን ታስተምራላችሁ። እኛንስ ማን ያሳየን?


ጠመኔ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እህቴ የጻፈችው ልብ ይነካል፤ መልስ ይገባታል። የሦስተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ። ክፍሌ ውስጥ ግን 62 ልጆች ናቸው፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ወረቀት አድዬ፣ እርሳስ ለሌለው ፈልጌ ስጨርስ ደወሉ ይደወላል። ስለዚህ ከፈረቃ በኋላ እንደ ቀይ አፈር ያሉ ሰዎች የሚሰጡት ለብዙ ልጅ ብቸኛው የሥዕል ትምህርት ነው። ብትዘጋው የሚተካው የለም።

ምኑን ልይ ለሚለው፦ ሰባት ስምንት ዓመት ያለው ልጅ መሬትን ከወረቀቱ ግርጌ አንድ መስመር፣ ሰማይን ከላይ አንድ ሰማያዊ ጭረት ያደርገዋል። መሃሉ ባዶ ይቀራል። ብትጠይቂው አየር ነው ይልሻል። ግድግዳ አያግደውም፤ ቤት ሲስል ውስጡ ያለውን ድስትና አልጋ ያሳይሻል። የሚወደውን ሰው ከበሩ አስበልጦ ያረዝመዋል። ይህ የእጅ ድክመት አይደለም። በዚያ ዕድሜ ልጅ የሚስለው ዓይኑ ያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን ነው። ዘጠኝ አሥር ዓመት ሲጠጋ ግን በገዛ ሥዕሉ ማፈር ይጀምራል፤ «አልችልም» ብሎ ላጲስ የሚያበዛው ያኔ ነው። ብዙዎቻችን እርሳሱን ለዘለዓለም ያስቀመጥነው እዚያ ዕድሜ ላይ ነው።

ቀይ አፈር፣ ልጆችህ ስንት ዓመታቸው ነው? ለሰባት ዓመት ልጅና ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መልሱ አንድ አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር። እቤት «ኩን ማል?» ከማለት «ማል አርግቴ?» በሉ። ምን አየሽ? የመጀመሪያው ጥያቄ ልጅቷን ያስደነግጣታል፣ ሁለተኛው ያስወራታል። ክፍሌ ውስጥ በሁለቱም ቋንቋ ሞክሬዋለሁ።


በርጩማ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

እኔ በግልበጣ ላይ ከምታወሩት አልስማማም። አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና በርጩማ ጠራቢ ነበሩ፤ ያው የጅማውን፣ ከአንድ ግንድ የሚወጣውን ባለ ሦስት እግር። መቀመጫው ከእግሩ ጋር አይጋጠምም፤ ሚስማር የለው፣ ሙጫ የለው፤ ሁሉም አንድ ዋንዛ ነው። ሦስት እግር የሆነውም ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆን እንዳይወዛወዝ ነው። ልጅ ሆኜ ምን አስተማሩኝ? መገልበጥ። የእሳቸውን በርጩማ ፊቴ አስቀምጠው «ይህን አውጣ» ይሉኛል። እርጥቡን እንጨት ቸኩዬ ፀሐይ ላይ ካደረኩት ይሰነጠቃል፤ በጥላ ቀስ ብሎ መድረቅ እንዳለበት ያወቅኩት ሁለት ሦስት አበላሽቼ ነው። ከዓመታት በኋላ የራሴን ቅርጽ ሳወጣ አልከለከሉኝም።

ቁርአን ቤት ልጁ ሉሕ (የእንጨት ሰሌዳ) ላይ የሚጽፈው መምህሩ የጻፈውን አይቶ ነው። የቤተ ክርስቲያን ቁም ጸሐፊም ብራና ላይ የሚገለብጠው ከፊቱ ያለውን ነው። የዚህ አገር ጥበብ የተላለፈው እንዲህ ነው። መገልበጥን ነውር አድርጎ ማውራት ለእኔ የአባቶቻችንን ትምህርት መናቅ ይመስለኛል።


ቀይ አፈር — ማክሰኞ፣ ቀን 6፡15

ወንድሜ በርጩማ፣ ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ። ትክክል ነህ፤ ቃሉን ያለ ቦታው ተጠቅሜበታለሁ። አንተ የገለበጥከው አባትህ አጠገብህ ተቀምጠው፣ እጃቸው ሲሄድ እያየህ፣ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ምክንያቱን እየነገሩህ ነው። በፎቶኮፒ የሚታደለው አንበሳ ግን ማን እንደሳለው አይታወቅም፤ ልጁ ሲሳሳት የሚነግረው የለም፤ የተሰጠው ሥራ መሙላት ብቻ ነው። እኔ የምቃወመው ያንን ነው። ነገር ግን ልጆቼ ፊት ተቀምጬ ስስል አይተውኝ አያውቁም። ይህን ካንተ ጽሑፍ በፊት አላስተዋልኩትም ነበር። እነሱን እንዳልጫናቸው ብዬ እጄን ደብቄ ኖሬአለሁ።

ጠመኔ፣ ከ7 እስከ 12 ዓመት ነው ዕድሜያቸው፤ አንድ ላይ ነው የማስተምራቸው። ትልልቆቹ የሚኮራመቱበትን ምክንያት አሁን ገና አገኘሁት። ከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብን ለትልልቆቹ ብቻ አደርጋለሁ፤ አንድ በርጩማ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አብሬአቸው እስላለሁ።


አቦል — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

የሄርማታ ልጅ ነኝ፤ አሁን ያለሁት አዲስ አበባ ነው። የተማርኩት ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። በርጩማ ያነሣው ነገር የተጻፈ ምስክር አለው። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሐረር ውስጥ ያደገው አባቱ አለቃ ደስታ በሃይማኖት መጻሕፍት ላይ ሲስሉ እያየ ነው። በኋላ ደግሞ በረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕል ከአገራችን ቀዳሚዎቹ አንዱ ሆነ። አይቶ መገልበጥ መነሻ ከሆነ ልጁን አይገድለውም።

ጠመኔ ስለ ልጆቹ የጻፍሽውን ሳነብ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ትዝ አለኝ። እዚያም የከበረው ሰው ገዝፎ ይሳላል። ጻድቁ ፊቱን ሙሉ፣ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን ይሳላል። ልዩነቱ የመጣው ሠዓሊው ሙሉ ፊት መሳል አቅቶት አይደለም፤ ማን ማን እንደሆነ ሊነግረን ስለፈለገ ነው። ወላጆች ቤተ ክርስቲያን ገብተው ያንን ሥዕል ሲያዩ «ይህ ሰው ለምን ከዛፉ በለጠ?» አይሉም። ለልጃቸውም ያንኑ ትዕግሥት ይስጡት።

አሁን ስለ ቀለም። ቀይ አፈር፣ ከሱቅ የምትገዛው የውኃ ቀለም ኪስህን እንደሚጎዳው አውቃለሁ። ጅማ ተቀምጠህ ቡና አለህ። ጠቆር ብሎ የተቆላ፣ የላመ ቡና አፍላና በጨርቅ አጥልለህ ሩቡ እስኪቀር ድረስ በዝግታ አትንነው። ከዚያ ልክ እንደምንጠጣው ለሦስት ክፈለው፦ አቦሉ ለጥቁሩ ጥላ፣ ውኃ የጨመርክበት ቶና ለመካከለኛው፣ በረካው ለሰማይና ለጉም። ልጆቹ ስሙን ስለሚያውቁት ማስረዳት አያስፈልግህም፤ «እዚህ ጋ ቶና አድርጊ» ስትላት ይገባታል። በደረቀው ላይ ስትደግመው እየጠቆረ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ቀን ካደረ ይሻግታልና ለዕለቱ ብቻ አዘጋጅ።

ቀይ የምትለው ከስምህ ጋር እግርህ ሥር ነው። አፈሩን ወቅጠህ በወንፊት ንፋው፣ ውኃ ውስጥ በጥብጠህ ጠጠሩ ወደ ታች ሲወርድ ከላይ ያለውን ድፍርስ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠው፤ እሱ ሲረጋ የሚቀረውን ልም ጭቃ በቀጭን የዱቄት ሙጫ ለውሰው። ቢጫውን ከእርድ ታገኛለህ። እርድ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደበዝዛል፤ ግን የአመድ ውኃ ወይም የሳሙና ውኃ ሲነካው ወደ ቀይ ይዞራል። ይህን አንድ ቀን ብቻ አሳያቸው፤ ማታ እቤት ምን እንዳዩ ሳይጠየቁ ያወራሉ።


የኮቺ አባት — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡10

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሞች፣ እህቶች። በቅንነት የምጠይቀው አለኝ። ልጄ ሥዕል ይወዳል። እኛ ቤት ግን ነፍስ ያለውን ነገር፣ ሰውና እንስሳ መሳል አንፈልግም፤ ከዓስር ሶላት በኋላም ቁርአን ይማራል። በዚህ ምክንያት ብዙ ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ጭራሽ አይልኩም። ልጁ ብቻውን ተለይቶ «አንተ ይህን አትሳል» ሲባል ደግሞ ይሸማቀቃል። ለእንደኛ ዓይነቱ ቤተሰብ ቦታ አላችሁ?


አቦል — ረቡዕ፣ ቀን 7፡00

ወዐለይኩሙ ሰላም። እናቶቻችን የሚሰፉትን ሙዳይና ሰፌድ እዩት። ጠምዝዘው እየዞሩ ሲሰፉ ቀለሙ በየስንት ስፌቱ እንደሚገባ ቆጥረው ነው፤ አንድ ቢሳሳቱ ጥለቱ ይዘላል። ይህን ወረቀት ላይ ማውጣት ለአሥር ዓመት ልጅ ቀላል ትምህርት አይደለም፤ ክበብ መክፈል፣ መቁጠር፣ ቀለም ማፈራረቅ አለበት። ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም አለ፤ የእንጨት ሥራው ብቻውን ብዙ ቀን ያስለፋል። ቅጠል፣ የቡና ፍሬ፣ ቤት፣ ውኃ፣ የፊደልና የዐረብኛ ጽሕፈት አለ። ሁሉም ልጆች አንድ ወር እነዚህን ብቻ ቢሠሩ ማንም ተለይቶ አይታይም።


ቀይ አፈር — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

ወንድሜ የኮቺ አባት፣ ይህን እስከ ዛሬ ሳልጠይቅ መኖሬ ከበደኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ቤተሰባችሁን ሳሉ» ስል ከአሥራ አራቱ የስንቱን ቤት እንዳስቸገርኩ አላውቅም። ልጅህን አምጣው። ከ8 ሰዓት እስከ 9 ከሩብ ነው፤ ከዓስር በፊት እቤቱ ይደርሳል። የሚቀጥለውን ወር በሰፌድ ጥለት እንጀምራለን፤ ለሁሉም።


ዣንጥላ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

ስለ ቀለሙ ደስ ብሎኛል፤ ግን ማንም ያላነሣው አለ። ከልጆች ጋር የተያያዘ ሥራ ስለምሠራ ዝም ማለት አልችልም። ቀይ አፈር፣ አንተን ስለጠረጠርኩ አይደለም፤ ለማንኛውም ሰው የምለውን ነው የምልህ። አንድ ትልቅ ሰው ብቻውን ከልጆች ጋር በተዘጋ ክፍል ውስጥ መሆን የለበትም። በሩ ክፍት ይሁን፤ ሁለተኛ ትልቅ ሰው ይኑር፤ ከወላጆች ተራ አውጥታችሁ አንድ አንድ ሰው ቢቀመጥ ይበቃል። ልጅን ለብቻው ሱቅ አትላክ። ማን ሊወስደው እንደሚመጣ በስም ተጽፎ ይቀመጥ። የልጆቹን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ከመልቀቅህ በፊት ወላጅን ጠይቅ፤ ልጁንም ጠይቅ። ሥዕሉን ብቻ ብትለጥፍ ይሻላል፤ ፊቱ አያስፈልግም።


ቀይ አፈር — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡45

በሩ ክፍት ነው። ሌላው ግን የለም። ከሚቀጥለው ሳምንት ይኖራል፤ አመሰግናለሁ እህቴ። ገጼ ላይ ያሉትን ፎቶዎች አሁን እያወረድኳቸው ነው።


ብሩሽ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡15

ገንዘቡን በተመለከተ የደረሰብኝን ልጻፍ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፕሮጀክት በዚሁ ከተማ ከትምህርት በኋላ ለልጆች ሥዕልና የሸክላ ጭቃ ሥራ እንዳስተምር ቀጠረኝ። ክፍያው ጥሩ ነበር፤ ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ ብስኩቱ ሁሉ ይመጣል። ሃያ ሁለት ልጆች። የመጀመሪያውን ወር ዓይኔን አያዩም ነበር። በሁለተኛው ወር አንድ ዝምተኛ ልጅ ጭቃውን እያድበለበለ ስለ ታመመች እህቱ ነገረኝ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ በጀቱ አለቀ ተባለ። ለልጆቹ የነገራቸው የለም። እኔም የነገሩኝ ሐሙስ ቀን ነው፤ ክፍሉ ለዓርብ ተቆልፏል።

በሚቀጥለው ሰኞ በዚያ በኩል ሳልፍ ስድስት ወይም ሰባት ልጆች በሩ ላይ ቆመዋል። ያ ዝምተኛ ልጅ እጁን አስቀድሞ ታጥቦ ነበር፤ ጭቃ ከመንካታችን በፊት እንታጠብ ስለምላቸው። ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። ዛሬም እዚያ መንገድ ላይ ዞሬ ነው የምሄደው።

ስለዚህ ቀይ አፈር፣ አሥር ልጅ ቢቀርህም ትንሽ ሆኖ የሚቀጥለውን ያዝ። ወላጅ የሚከፍለው 400 ብር ከሩቅ ከሚመጣ በጀት ይልቅ ዕድሜ አለው። የማይችል ቤተሰብ ካለ ደግሞ ቡና ያምጣ፣ ወንፊት ያምጣ፣ ዣንጥላ እንዳለችው ተቀምጦ ይጠብቅ። ልጁ ግን በምንም ምክንያት ድንገት በር አይዘጋበት። ልታቆም ከሆነም ከአንድ ወር በፊት ለራሳቸው ንገራቸው፤ ሥራቸውን ሰብስበው፣ ተሰነባብተው ይሂዱ።


የመንደራ ልጅ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡40

ብሩሽ፣ አይዞህ። በ1980ዎቹ ሰርከስ ጅማ በነበረ ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ ታላቅ ወንድሜ ይለማመድ ነበር። እናታችን መጀመሪያ «ልጄን አንገቱን ሊሰብሩብኝ ነው» ብላ ትቃወም ነበር። ሐሳቧን የቀየረችው ሜዳ ላይ ሲያሳዩ ቆማ ካየች በኋላ ነው። ልጇ ሌላ ልጅ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ሳይንቀጠቀጥ ሲቆም አየችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብሱን ራሷ ታጥብለት ነበር። ቀይ አፈር፣ ወላጆቹን ጥራቸው። ወረቀቱን ለብቻው እቤት አትላክ፤ ልጁ ከጎኑ ቆሞ ይናገርለት።


የሦስት ልጆች እናት — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡05

ይህ ይሻላል። ቅዳሜ ከሰዓት ካደረግከው እኔም እመጣለሁ፤ ልጅቷንም ይዤ።


ቀይ አፈር — እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡20

ትናንት አደረግነው። ደጁ ላይ ገመድ ወጥረን ሥዕሎቹን በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልናቸው። ዝናብ ስላስፈራን ግማሹን ወደ ውስጥ አስገባን። አሥራ አንድ ወላጅ መጣ። የተቀመጠ ደንብ ነበረን፤ ወላጅ ማለት የሚችለው «ምን አየሽ?» ብቻ ነው፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። ከባዱ ክፍል እሱ ነበር። አንድ አባት ሦስት ጊዜ ጀምሮ «ይሄ ምን—» ብሎ አቆመ። በመጨረሻ ሲጠይቀው ልጁ መርካቶ ዝናብ የያዛቸውን ቀን ማውራት ጀመረ። ሥዕሉ ላይ አንድ ግዙፍ ሰው ላስቲክ ተከናንቦ ቆሟል፤ ሥሩ አንድ ትንሽ ልጅ አለ። አባትየው ላስቲኩን ረስቶት ነበር። ልጁ ግን ቀለሙን ሳይቀር ያስታውሰዋል፤ ሰማያዊ ነበር።

ሁሉም አልተሳካም። ከአራቱ አንዱ ቤተሰብ መጥተው አይተው፣ አመስግነው፣ ልጃቸው ማዶ እንደሚቀጥል ነገሩኝ። መብታቸው ነው። የአዌቱዋ ልጅ እናት አልመጣችም። ዛሬ ጠዋት ራሴ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና አፍልታ አስተናገደችኝ። ልጅቷ ያንን ለአራት የታጠፈ ወረቀት ከደብተሯ ውስጥ አውጥታ ዘረጋችው፤ እጥፋቱ ወንዙን ለሁለት ከፍሎታል። እናቷ ከወንዙ ዳር ያሉትን ሴቶች እስክትቆጥር ዝም ብዬ ጠበቅኩ። አራተኛዋ ላይ ጣቷን አሳርፋ «ይቺ ስካርፍ ያሰረችው እኔ ነኝ?» አለቻት። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። እናትየው ሌላ አልተናገረችም፤ የገንዘቡን ነገር ግን ራሷ አነሣች፤ ሙሉውን አትችልም። ስለዚህ ልጅቷ ሰኞና ረቡዕ ትመጣለች፣ እናቷ ረቡዕ ረቡዕ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ሁለተኛ ትልቅ ሰው ትሆነናለች፤ ለሥዕል የሚሆነውንም ቡና የምትቆላው እሷ ናት።

አቦል፣ ሩቡ እስኪቀር ብለሃል። ለአሥራ ሁለት ልጅ ስንት ጀበና ላስፈላ?


አቦል — እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡50

ሁለት ትልልቅ ጀበና ይበቃል። እሳቱ ዝግ ይበል፤ እንዳያር።


የኮቺ አባት — እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡05

ነገ 8 ሰዓት ላይ ልጄን ይዤ እመጣለሁ ኢንሻአላህ። እናቱ አንድ አሮጌ ሰፌድ ሰጥታዋለች፤ እንዳይበላሽ እናንተ ዘንድ ይቀመጥ ብላለች።